የድሮ ስፖርት መኪናችሁ ሚኒሞ ላይ አልረጋ ስትል፦ ካቻቢቴው መጨረሻ ይምጣ

ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ካልሰጣችኋት ድርግም ትላለች። እንዲህ ስትሆን አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ካቻቢቴ ያነሳል፣ የሚኒሞዋን ብሎን (ነዳጅ ሳትሰጧት ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የምታስተካክለውን) ያጠብቃል። ድምጿ ከፍ ይላል፣ መንቀጥቀጡም ይደበቃል። በሽታው ግን እዚያው ነው። አሁን ደግሞ ተሸፍኗል፣ ቤንዚንም በከንቱ ይቃጠላል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ብሎን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ማዳመጥ፣ ቀጥሎ እሳቱን (ማቀጣጠያውን)፣ ከዚያ አየሩን፣ ከዚያ ነዳጁን ማየት። ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ርካሽ ዕቃ ላይ ይገኛል።

ለምሳሌ የያዝኩት ፊያት 124 ስፓይደርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ የወጣች፣ ሞተሯን አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው፣ አራት ሲሊንደርና ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) ያላት፣ በዌበር ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ዕቃ) የምትሠራ መኪና ናት። አልፋ ሮሜዮም ይሁን ሌላ የዚያ ዘመን መኪና ያላችሁ፣ አካሄዱ ያው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌዎች በሥርዓት መያዝ አለብን።

መጀመሪያ፦ የአዲስ አበባን አየር አትርሱ

ይህን ከሁሉ በፊት የማነሳው የውጭ የጥገና መጽሐፍና ቪዲዮ ስለሚዘለው ነው። ቱሪን ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተር ደግሞ ይህንን አያውቅም። ፋብሪካ በገጠመለት ጄት (ነዳጁ በሚያልፍባት ባለቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ) ነዳጁን ያፈሳል፣ አየሩ ግን ሳስቷል። ውጤቱ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ነው። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞው ይከብዳል፣ ከኋላ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ላይ ያሉ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) እና የቫኪዩም (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) ቁጥሮች እዚህ ዝቅ ብለው ነው የሚነበቡት። የኮምፕሬሽን መለኪያ መጽሐፉ 160 በሚልበት ቦታ 120 አካባቢ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ይህንን ባለማወቅ ጤነኛ ሞተር ሊከፈት ይችላል።

ሦስተኛ፣ በከፍታ ቦታ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል። ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ቤንዚንም እንደዚሁ ቶሎ ይተናል። ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርቺል ጎዳናን ሽቅብ ወጥታችሁ ማዘጋጃ ቤት ጋ ስትቆሙ ብቻ የምትንገጫገጭ ከሆነ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን በሙቀት እየፈላ ሊሆን ይችላል። የዚህ መድኃኒቱ ብሎን አይደለም። በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ) መካከል ሙቀት የሚከለክለው ወፍራም ማስቀመጫ መኖሩን እዩ። የነዳጅ ቱቦው የጭስ ማውጫውን ታክኮ የሚያልፍ ከሆነም አርቁት።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናዋን ክፍት ቦታ አቁሙ። የተዘጋ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ይገድላል። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን የተሳበ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌ ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው ይራቅ። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን፤ ሲጋራ የያዘ ሰው ሊያይ ቢመጣ በትሕትና መልሱት።

ከዚያ ወረቀት አውጡና መቼ እንደሚብስባት ጻፉ። ጠዋት ስትቀዘቅዝ ነው? ሞቃ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ነው? መብራት ስታበሩ ነው? ነዳጅ ከቀዳችሁ በኋላ የመጣ ነው? ካምሻፍቱን የሚያዞረው ባለጥርስ ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ ነው? ይህቺ ወረቀት ግማሹን ሥራ ትሠራለች። ለምሳሌ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የምታስቸግር ከሆነ እሳቱን ጠርጥሩ፤ እርጥበት የዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን ውስጥ ይገባል። ይህ ቺንጋ በተቀየረ ማግስት የጀመረ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥርስ ተዛብቶ ተገጥሞ ይሆናል። ያኔ ሌላ ምንም ሳትነኩ ምልክቶቹን አስመርምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ቶሎ አጣሩ። ድምጿ የተስተካከለ ሆኖ ወንበሩና መሪው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተሩ ላይሆን ይችላል። የሞተሩ ጎማ መያዣ፣ ሱፖርት የምንለው፣ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል።

1. አዳምጡ

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ የተሳበ ቾክ ወደ ቦታው ይመለስ። ከኋላ ሂዱና ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት ያዙ። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን አንድ ዓይነት በሆነ ምት ይገፋዋል። በየተወሰነ ጊዜ፣ በልክ፣ አንድ ምት ከጎደለ አንድ ሲሊንደር አይሠራም፤ መካኒኮቹ «በሦስት ካንዴላ ነው የምትሄደው» የሚሉት ነው። ጉድለቱ ልክ ከሌለው፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከሆነ፣ የድብልቅ ወይም የአየር ነገር ነው። ወረቀቱ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ ቫልቭ በደንብ አለመዝጋቱን ጠርጥሩ።

2. የታመመውን ሲሊንደር ለዩ

ይህ የሚሠራው ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ እሳት የሚያስነሳው ኮንታክት) ባለው የድሮ እሳት ላይ ነው። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ከተገጠመላት ሞተር እየሠራ ገመድ አትንቀሉ፤ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል። ልባቸው ላይ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎችም ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ይተዉ።

ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉና ወዲያው ጫፉን ከብረት ጋር አገናኙት። አየር ላይ አትተዉት። የሞተሩ ዙር ወረደ? ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። መልሱትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ገመዱ ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው ሲሊንደር፣ እሱ ነው በሽተኛው።

የአራቱም ገመድ ሲነቀል ዙሩ እኩል ከወረደ ደስ ይበላችሁ። ችግሩ የጋራ ነው ማለት ነው፦ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት)፣ አየር ወይም ካርቡራተር።

3. ካንዴላውን አንብቡ

አራቱንም አውጡና ጨርቅ ላይ በተራ ደርድሩ። የትኛው ከየት እንደወጣ እንዳይምታታ።

ቀለል ያለ ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ በእኛ ከተማ በጣም የተለመደው ይህ ነው። ነጭና የነጣ ከሆነ አየር በዝቷል፣ ምናልባት ከማይገባበት ቦታ እየሳበ ነው። በቤንዚን የራሰ ከሆነ እሳት አልደረሰውም። በዘይት የተለወሰ ከሆነ ዘይት ከፋሻ (ከፒስተን ቀለበት) ወይም ከቫልቭ በኩል እየገባ ነው።

በዚህች ፊያት የካንዴላው ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ሌላ መኪና ከሆነ መመሪያዋን እዩ። ከዚያ የበሽተኛውን ካንዴላ ከጤነኛው ጋር አቀያይሩና አስነሱ። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልተከተለ ገመዱን አቀያይሩ። አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ። ሦስት ዕቃ በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደፈወሳት መቼም አያውቅም።

4. እሳቱ

ሲመሽ፣ ጨለማ ሲሆን ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ያረጀ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያችኋል። በእጅ መርጫ ትንሽ ውሃ በጉም መልክ ብትረጩበት ይብስና ግልጽ ይሆናል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አውርዳችሁ ውስጡን በመብራት እዩ። ፀጉር የመሰለ ጥቁር ስንጥቅ ካለ እሳቱ በእሱ በኩል ነው የሚሾልከው። ጠርጎ መመለስ አያድንም፤ ይቀየር።

የገመዶቹንም ተራ ፈትሹ። በዚህ ሞተር የማቀጣጠያው ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ብዙ እጅ ያለፈባት መኪና ላይ ሁለት ገመዶች ተቀያይረው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም።

ፑንቲናውን ክፈቱ። ፊቱ ከተቦረቦረ ወይም አንዱ ጎን ጉብታ ካወጣ ጊዜው አልፏል። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ በክፍተት መለኪያው ስስ ብረት ለኩት። ፑንቲና ሲነካ ታይሚንግም ይነካል፣ ስለዚህ ከፑንቲናው በኋላ ታይሚንጉን በታይሚንግ መብራት አይታችሁ ወደ ቦታው መልሱ።

ዕቃ ስትገዙ ሶማሌ ተራ አይታጣም፤ ግን ካርቶኑን አይታችሁ ብቻ አትመኑ። በተለይ ኮንዴንሰር (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው)። አዲስ ሆኖ የማይሠራ ኮንዴንሰር ይገጥማል። ስለዚህ የድሮው በደንብ ይሠራ ከነበረ አትጣሉት፤ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።

5. የማይገባ አየር

ካርቡራተሩ የማያውቀው አየር ከታች ከገባ ሚኒሞው ይዋዥቃል፤ ነዳጅ ስትሰጧት ግን ደህና ትሆናለች። ይህ ምልክት በደንብ ያግዛል። ምክንያቱም ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ትንሿ ስንጥቅ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች።

የሚፈተሹት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን አጋዥ) የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ትንሽ ቱቦ፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ጋስኬት፣ ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚገጥምበት ጋስኬት። የሰርቮውን ቱቦ ለአፍታ በፒንሳ በቀስታ ቆንጥጡት። ሚኒሞው ከተስተካከለ ሌባው ቱቦው ወይም ሰርቮው ነው። ሰርቮ ከሆነ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ጋስኬቶቹን ለማወቅ ብዙ ሰው የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ይረጫል። ይሠራል፣ ግን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከወደቀ ይቀጣጠላል። እኔ የምመርጠው ውሃ ነው። በእጅ መርጫ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጉ። ድምጿ ለቅጽበት ከተለወጠ ቦታውን አግኝታችኋል።

የካርቡራተሩን የጋዝ ዘንግ ደግሞ በጣታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ብዙ ከተጫወተ ዘንጉ ተበልቷል፣ አየርም በጎኑ ይስባል። ይህን ብሎን አያስተካክለውም፤ ቡሽ ማስገባት የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

6. ነዳጁና ጄቷ

ከካርቡራተር በፊት ቤንዚኑን እዩ። ከነዳጅ ቱቦው ትንሽ ወደ ንጹሕ ሃይላንድ ቅዱና አሳርፉት። ሥሩ ላይ የተለየ ፈሳሽ ከተጠራቀመ ውሃ ነው። ቡናማ ዱቄት ከወረደ ታንከሩ ዝጓል። እንዲህ ከሆነ ካርቡራተሩን ብታጸዱትም በሳምንቱ መልሶ ይደፈናል። ታንከሩ ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ ከዚያ ወደ ካርቡራተሩ።

አሁን ወደ ሚኒሞ ጄቷ እንምጣ። ይህቺን ዕቃ ላላያት ሰው በዝርዝር ልንገር። ዌበር ላይ ከጎን በኩል በካቻቢቴ የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለች። ስትወጣ ጫፏ ላይ ከጥፍር የምታንስ የነሐስ ቁራጭ ተሰክታለች። መሐሏ ላይ ቀዳዳ አለ። ወደ ሰማይ አቅንታችሁ በአንድ ዓይን እዩባት። ክብ፣ ጥርት ያለ የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት። ብርሃኑ ግማሽ ጨረቃ ከሠራ ወይም ጭራሽ ከሌለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ጎኗ ላይ 50 ተብሎ ከተጻፈ የቀዳዳው ስፋት 0.50 ሚሊሜትር ነው። አንዲት የዝገት ቅንጣት ገብታ ትዘጋዋለች። የዚህ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በፍጥነት ስትሄድ ደህና፣ እግራችሁን ስታነሱ መጥፋት፣ ቾክ ስትስቡ መልሶ መንቃት።

በሽቦ ወይም በመርፌ በፍጹም አትውጉት። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ማጽጃ ውስጥ አሳድሩትና ሰፈራችሁ ያለ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስነፉት። እንዳይበርባችሁ በጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙት። የጄቷ ማደሪያ የሆነውን ጉድጓድም አስነፉ፤ ጄቷን ብቻ አጽድቶ ጉድጓዱን መርሳት የተለመደ ነው።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ የፍሎቱን (በውስጡ ያለውን የቤንዚን መጠን የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ) ከፍታ ለኩ። በጣም ከፍ ካለ ቤንዚን ሞልቶ ይፈስሳል። ሚኒሞም ያንቃል። የዋናዎቹን ጄቶች ቁጥር ጻፉ። ከመጽሐፉ ያነሱ ከሆኑ ከእናንተ በፊት የነበረ አዋቂ ሰው ለአዲስ አበባ አየር አስተካክሏቸው ይሆናልና «ወደ ኦርጅናሉ ልመልስ» ብላችሁ አትቸኩሉ።

7. እሳቱም አየሩም ነዳጁም ደህና ከሆነ

ያኔ ወደ ሞተሩ ሆድ እንገባለን። በመጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት። በዚህ ሞተር የሚስተካከለው ስስ ብረት በመቀያየር ስለሆነ ልምድ ላለው መካኒክ ስጡት። የጠበበ ቫልቭ ሚኒሞን ያበላሻል፣ ድምጽ ስለማያሰማም ይረሳል።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ ሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች የወጡ፣ የቦቢናው (የእሳቱን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው) ሽቦ የተነቀለ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች የተረገጠ፣ ባትሪው ጠንካራ ይሁን። ከላይ እንዳልኩት ቁጥሩ ከመጽሐፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። የምታዩት በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ ግማሽ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ። ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጋስኬት መሐላቸው ላይ ተበልቷል።

የቫኪዩም መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ሌላ ጥሩ መንገድ አለ። ባሕር ዳርቻ ላይ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች ያነባል። እዚህ 7 ያህል ቀንሱለት። 12 ኢንች ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀስት አዲስ አበባ ላይ ጤና ነው።

ኢንጀክሽን ያላቸው

እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ኮምፒውተር ያላቸው መኪናዎች ላይ እሳትና አየር ያው ናቸው። የሚጨመረው፦ የጋዝ መክፈቻውን ጉሮሮ ከጥላሸት ማጽዳት፣ የሚኒሞ አየር ቫልቩን ማጠብ፣ ከአየር ፊልትሮው የሚመጣውን የጎማ ቱቦ እጥፋቶች ዘርግቶ ስንጥቅ መፈለግ፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን መፈተሽ። ኮዱን አስነብቡ፤ ኮድ የሚጠቁመው አካባቢውን ስለሆነ ግን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በመልቲሜትር አስለኩ።

8. አሁን ካቻቢቴው

ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ፣ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ፣ የአየር ፊልትሮው በቦታው። የድብልቁን ብሎን ቀስ ብላችሁ አስገቡት፣ ሩብ ዙር በሩብ ዙር፣ ሞተሩ መንገዳገድ እስኪጀምር። ከዚያ ወደ ኋላ መልሱት፣ ድምጿ ከፍ ብሎ እስኪረጋ። እዚያ አቁሙ። እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ አትዝጉት፤ የመርፌው ጫፍ ይጎዳና ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። ቀጥሎ በሚኒሞው ብሎን በደቂቃ ወደ 850 ዙር አውርዱት። አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ሁለቱን ደግማችሁ አስተካክሉ።

ሁለት ካርቡራተር ካላት ከድብልቁ በፊት ሁለቱ እኩል መሳባቸውን አረጋግጡ። ቀጭን የጎማ ቱቦ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ሌላውን ጫፍ ወደ እያንዳንዱ አፍ አስጠጉ። የሹክታው ድምጽ አንድ እስኪሆን አስተካክሉ።

ከዚያ ለሙከራ ውጡ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርቺል ሽቅብ፣ ቢቻል መብራት እያስቆማችሁ። ላይ ስትደርሱ ሳታጠፉ ሚኒሞ ላይ ትንሽ አቆዩዋት። ስትመለሱ ካንዴላዎቹን አንዴ አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ። አሁንም ጥቁር ከሆኑ ወደ ስድስተኛው ተመለሱ። ቡኒ ከሆኑ የጄቶቹን ቁጥር፣ ታይሚንጉን፣ የድብልቁ ብሎን ስንት ዙር እንደተከፈተ ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፉ። ቀጥሎ የሚነካት መካኒክ ከዚያ ይጀምራል።